በጠጪ ወላጅ ቤት የሚያድግ ልጅ፦ አእምሮው ላይ የሚሆነውና የሚደረግለት

መጠጥ የጸናበት ወላጅ ልጅን በምን ይጎዳል ሲባል ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው ዱላ፣ ስድብና እጦት ነው። ሦስቱም ይጎዳሉ። ነገር ግን ዱላ አርፎበት የማያውቅ፣ እራቱ የማይጎድል፣ ደብተሩና ዩኒፎርሙ የተሟላለት ልጅም እዚያው ቤት ውስጥ ሊታመም ይችላል። እሱን የሚያሳምመው ዛሬ ማታ የትኛው አባት እንደሚገባ አለማወቁ ነው። ሰኞ ዕለት ብርቱካን ይዞለት ገብቶ ፀጉሩን ያሻሸው ሰው ማክሰኞ ሳህን ይወረውራል፤ ረቡዕ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ቁርስ ላይ ተቀምጦ የፈተና ውጤት ይጠይቃል። ልጁ ምን ቢያደርግ የሰኞው ሰው እንደሚመለስ ሲያሰላ ያድጋል። ስሌቱ መቼም አይገጥምለትም፤ አባቱን የሚለዋውጠው መጠጡ እንጂ የልጁ ጠባይ አይደለምና። ሰባት ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ግን ይህን በራሱ ሊደርስበት አይችልም። በዚያ ዕድሜ በቤት ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ከራሱ ጋር ይያያዝበታል፦ "ሒሳብ ስለወደቅኩ ነው የሰከረው።"

ይህ ማብራሪያ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ወላጆች፣ አያቶች፣ አክስቶች፣ ጎረቤቶችና መምህራን፣ እንዲሁም በእንዲህ ያለ ቤት አድገው ዛሬ ትልቅ ለሆኑ ሰዎች የተጻፈ ነው። ከሁሉ በፊት መባል ያለበት ልጁን መርዳት ጠጪው እስኪተው መጠበቅ እንደሌለበት ነው። ብዙ ቤተሰብ ጉልበቱን ሁሉ አባትየውን በማስተው ላይ ሲጨርስ ልጁ ሳይታሰብ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላዋል።

"እሱ እኮ ጠላ ብቻ ነው የሚጠጣው"

በመጀመሪያ መጠኑን እንለካ፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማልና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አንድ መጠን የሚቆጥረው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። ለማስላት የመጠጡን ብዛት በሚሊ ሊትር በአልኮል መቶኛው ማባዛት፣ ለ100 ማካፈል፣ ከዚያ በ0.8 ማባዛት ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ ይሆናል። የቤት ጠላ እንደ ጠማቂዋና እንደ ቆይታው ከ2 እስከ 6 በመቶ ድረስ ይለያያል፤ 4 በመቶ የሆነ የግማሽ ሊትር ጣሳ 16 ግራም ይዟል። 45 በመቶ የሆነ አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 14 ግራም ነው። ስለዚህ ማታ ማታ አምስት ጣሳ ጠላ የሚጠጣ ሰው 80 ግራም፣ ማለትም ስድስት ጠርሙስ ቢራ ያህል እየጠጣ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ወንድ በቀን ከ60 ግራም፣ ሴት ከ40 ግራም በላይ ከጠጡ አደጋው ከፍተኛ ከሚባለው እርከን ገብተዋል። ጠላ ስለሆነ የሚቀንስ ነገር የለም።

ጤና ባለሙያዎች ኦዲት የሚባል የአሥር ጥያቄ መመዘኛ አላቸው። ጠቅላላ ነጥቡ 40 ነው፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ጎጂ መሆን ጀምሯል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ደግሞ ሱስ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በደንብ መመርመር አለበት። ልጁ ግን ግራም አይቆጥርም። ለእሱ የሚታየው የተገባለት ቃል መፍረሱ፣ የጠዋቱ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ከአልጋ ሥር የተደበቀው ጠርሙስ፣ የደመወዝ ቀን እናቱ በር ላይ መቆሟ ነው።

ሰውነት የሚማረው ማዳመጥ

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያለችን አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ እናስብ። ደብተሯ ተከፍቷል፤ ዓይኗ ግን አንዷን መስመር ካለፈ ቆይቷል። ባጃጁ በር ላይ ሲቆም ትሰማለች። በሂሳብ ክርክር ተነሥቶ እንደሆነ ታዳምጣለች። ቀጥሎ የቆርቆሮው በር፤ በአንድ ግፊት ተከፈተ ወይስ ተንገጫገጨ? ቁልፉ ስንት ጊዜ ቀዳዳውን ሳተ? ሳሉ የትኛው ሳል ነው? እናቷ ገና ከጓዳ ሳትወጣ ልጅቷ ውጤቱን ታውቀዋለች። ደብተሯን አጥፋ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሳ፣ ታናሽ ወንድሟን ወደ ውስጥ አስገብታለች። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ በታች ይፈጃል።

በዚያች ደቂቃ ሰውነቷ ውስጥ አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ምግብ የማድቀቁ ሥራ ይቆማል። ተከትሎ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል። አደጋ ሲመጣና ሲሄድ ይህ ሥርዓት ሕይወት የሚያድን ነው፤ አደጋው ሲያልፍ ሆርሞኑም ይወርዳል። ምሽት በመጣ ቁጥር ሲደጋገም ግን ለማጥፋት ይከብዳል። አንጎል ሥጋትን የሚለይበት ክፍል ስል እየሆነ ይሄዳል፤ ትኩረትንና እቅድን የሚይዘው ክፍል ሊሠራ የሚገባውን ሥራ የሚሠራበት ፋታ ያጣል። ትምህርት ቤት ውስጥ ወንበር ሲወድቅ የምትደነግጠው፣ መምህሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የተጠየቀችው የሚጠፋት፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ዓይኗ የሚፈጠው ለዚህ ነው። ቤቱ ፀጥ ባለበት ማታም አትተኛም፤ ፀጥታውም ይጠበቃል።

ልጆች ጨነቀኝ አይሉም፤ ሆዴን አመመኝ ይላሉ። እንዲህ ያለ ልጅ በየክሊኒኩ ሰገራ እየተመረመረ፣ ጃርዲያ ነው አሜባ ነው እየተባለ መድኃኒት ይወስዳል፤ ሕመሙ ግን ይመለሳል። ወላጅ ሊያስተውለው የሚችለው ቀላል ነገር ሰዓቱን ነው። ሕመሙ ከሰዓት በኋላና ሲመሽ የሚጠና፣ አባት ለሥራ ወጣ ሲል ወይም ልጁ አያቱ ጋ ሲያድር የሚጠፋ ከሆነ፣ የሳምንቱን ቀኖች ወረቀት ላይ መዝግቦ ለሐኪሙ ማሳየት ከሌላ ዙር የላቦራቶሪ ምርመራ የበለጠ ይናገራል። ቢያንስ ስድስት ወር አልጋ ሳያረጥብ ቆይቶ እንደገና የጀመረ ልጅም እንዲሁ ነው፤ የሽንት ኢንፌክሽንና ስኳር መጀመሪያ ይመርመሩ፣ ከዚያ ስለ ቤቱ ይጠየቅ። በምንም መንገድ አይገረፍ፤ ሲገረፍ ይብስበታል።

የሕፃንነቱ ጊዜም የራሱ አደጋ አለው። ነፍሰ ጡር ስትጠጣ አልኮሉ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ ጠላም ሆነ ቢራ፣ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለም። ጉዳቱ በኋላ የመማር ችግር፣ የቁጡነትና የችኩልነት መልክ ይዞ ስለሚመጣ ልጁ ባለጌ ተብሎ ሲቀጣ ይኖራል።

የሚመሰገነው ልጅ

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የሚያሳስበን ማንም የማያስተውለው ልጅ ነው። አንዳንዱ ይረብሻል፣ ይማታል፣ ከትምህርት ቤት ይጠፋል፤ እሱ ቢያንስ ይታያል። ሌላዋ ግን በአሥራ አንድ ዓመቷ ወጥ ትሠራለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፣ የአባቷን ጫማ ፈትታ ታስተኛዋለች፣ እናቷን አቅፋ ታጽናናለች፣ ጠዋት አንደኛ ትወጣለች። ሰፈሩ "እንደ ትልቅ ሰው ናት፣ ድምጿ አይሰማም፣ ጨዋ" ይላታል። እኛ ዘንድ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ስለሚወደድ ሕመሙ ምስጋና ውስጥ ይደበቃል። ይህች ልጅ የወላጅን ሥራ ይዛለች፤ የራሷ ፍርሃት፣ ቁጣና ለቅሶ የሚቀመጥበት ቦታ አጥታለች። ሃያዎቹ ውስጥ ስትገባ ድባቴና ድካም ሆኖ ይወጣል፣ ያኔም ሰው ሁሉ "ምን ጎድሎባት?" ይላል።

አራት ዓይነት ልጆች አሉ እየተባለ በየቦታው የሚነገር አለ፦ ጀግናው፣ ጥፋተኛው፣ የጠፋው፣ አጫዋቹ። ለማስተዋል ይረዳ ይሆናል፤ የሕክምና ምርመራ ግን አይደለም። አንዱ ልጅ በዓመት ውስጥ አራቱንም ሊሆን ይችላል።

በወሎ ቤት ውስጥ

ነውሩ ከቤት ቤት መልኩ ይለያያል። በክርስቲያኑ ቤት ጠላ የማኅበር፣ የክርስትና፣ የተዝካር ነገር ስለሆነ ችግሩን ለይቶ ማውጣት ይከብዳል፤ "ማን የማይጠጣ አለ?" የሚለው መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ልጁ የሚያየውን ነገር ትልልቆቹ እንደ ደንብ ስለሚያዩት፣ የሚሰማው ፍርሃት የራሱ ድክመት ይመስለዋል። በሙስሊሙ ቤት ደግሞ መጠጡ ራሱ ሐራም ስለሆነ ጉዳዩ ከቤት እንዳይወጣ የሚደረገው ጥንቃቄ ድርብ ነው። አጎት እንዳይሰማ፣ መስጊድ እንዳይሰማ፣ ቅሬው (የሰፈሩ እድር) እንዳይሰማ። ልጁ ምስጢር ጠባቂ ይሆናል፤ ጓደኛ ቤት አያመጣም፣ ለቁርኣን አስተማሪውም ለክፍል መምህሩም አይናገርም። ምስጢሩ ከስካሩ በላይ ሲከብደው ይታያል።

ሦስተኛው ሁኔታ ብዙ የማይነገርለት ነው፦ እናት ጠላ ጠምቃ ወይም አረቄ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድግበት ቤት። እዚያ እንጀራውም መጠጡም ከአንድ ጋን ነው። እናቲቱን መውቀስ ማንንም አይረዳም። ሊስተካከል የሚችለው ግን አለ። ልጆች ለደንበኛ አይቅዱ፣ በተለይ ሴት ልጅ ከመሸ በኋላ ወደ ጠጪዎቹ ክፍል አትግባ። ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ከውስጥ የሚቀረቀር በር ይኑረው፤ መጋረጃ በቂ አይደለም። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ በገበያ ቀንና በበዓል ዋዜማ ልጆቹ አያት ወይም አክስት ዘንድ ይደሩ። ጠላ ቅምሻ ብሎ ለሕፃን መስጠት ይቅር። ደግሞም ልጅን ወደ አረቄ ቤት "ግዛልኝ" ብሎ መላክ ሻጩን ሕግ ያስጥሳል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል።

የ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ለእንቅልፍ፣ ለቅዠት፣ ላለማሰብ ብሎ የሚጠጣ ወላጅ ጥቂት አይደለም። አልኮል ለማስተኛት ፈጣን ነው፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይሰባብረዋል፣ ቅዠቱንም አይፈውሰውም። እነዚህ ወላጆች ሁለት ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ መጠጡን ብቻ ማንሳት ሥሩን እዚያው መተው ነው። ልጁም ያንኑ ጦርነት አይቷል፤ ስለዚህ ልጁም አብሮ ይታይ።

ሁሉም አይታመሙም

አሜሪካ ውስጥ በጠቅላላው ከ17,000 በላይ ጎልማሶችን ያካተተውና ውጤቱ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተመው የልጅነት መከራዎች ጥናት ቤት ውስጥ የመጠጥ ወይም የዕፅ ሱሰኛ መኖሩን ከዋና ዋና መከራዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። መከራው በተደራረበ ቁጥር በጎልማሳነት ድባቴ፣ ራስን የማጥፋት ሙከራና ሱስ ይጨምራሉ። ውርሱም እውነት ነው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው የዴንማርክ ጥናት ከጠጪ ወላጅ ተወልደው በሕፃንነታቸው ለሌላ ቤተሰብ የተሰጡ ወንዶች ልጆች፣ ከዚያ ወላጅ ተለይተው አድገውም፣ ከሌሎች የማደጎ ልጆች አራት እጥፍ ገደማ ለሱስ የተጋለጡ ሆነው አግኝቷቸዋል።

አሁን ሌላውን ወገን እንይ። በሐዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ልጆችን እስከ ጎልማሳነታቸው የተከታተለ ጥናት ውስጥ 49 የጠጪ ወላጅ ልጆች ነበሩ። እስከ 18 ዓመታቸው ከአሥሩ አራቱ ከባድ ችግር ገጠማቸው፤ ከአሥሩ ስድስቱ ግን አልገጠማቸውም። የቆሙትን ከወደቁት የለያቸው በሕፃንነታቸው ትኩረት ያገኙ መሆናቸው፣ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታቸው ከቤተሰብ ሁከት ይበልጥ የተረፈ መሆኑና የሚንከባከባቸው የተረጋጋ ሰው መኖሩ ነው። እዚህ እኛ ዘንድ ያ ሰው ሴት አያት ልትሆን ትችላለች፣ ጎረቤት ያለች እትዬ ልትሆን ትችላለች፣ የሰፈር ልብስ ሰፊም ሊሆን ይችላል። የተማረ መሆን የለበትም። የሚያስፈልገው አለመለዋወጥ ነው፤ ቅዳሜ እመጣለሁ ካለ ቅዳሜ መምጣት።

የማይጠጣው ወላጅ ከዛሬ ጀምሮ ምን ያድርግ

ቀድሞ የሚሠራው የማታው እቅድ ነው። ጠጪው ሳይኖር፣ በቀን፣ ከልጆቹ ጋር ይነገር፦ ጩኸት ሲነሳ ሁላችሁም እገሊት ቤት ትሄዳላችሁ። ጎረቤቷ አስቀድማ ትጠየቅ፣ በሯን ሌሊትም እንደምትከፍት ታረጋግጥ። መታወቂያ፣ የልደት ወረቀት፣ የጤና መድን ደብተር፣ ትንሽ ብርና ትርፍ ቁልፍ በአንድ ከረጢት ውስጥ ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ እኅት ዘንድ ይቀመጡ። ትልቋ ልጅ ታናናሾቿን ይዛ መውጣት ብቻ ይሁን ሥራዋ፤ መሀል ገብታ መገላገል የሷ ሥራ እንዳልሆነ በግልጽ ይነገራት፣ ብዙ ልጆች የሚቆስሉት እዚያ ላይ ነውና። መሣሪያ ያለበት ቤት ከሆነ መሣሪያው ዘመድ ጋ ይቀመጥ። የጠጣ ሰው በሚነዳው መኪና፣ ሞተር ወይም ባጃጅ ልጅ አይሳፈር፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ላልጠጣ ሰውም ቀላል አይደለም።

ከሰከረ ሰው ጋር አይከራከሩ። የሚሰማው ቃልዎን ሳይሆን የድምፅዎን ከፍታ ነው፤ ነገ ደግሞ አያስታውሰውም። መነጋገር ካለባችሁ ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ፣ ልጆች ሳይኖሩ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ይሁን። "ሰካራም ነህ" ከማለት "ትናንት ማታ ሳህኑ ሲሰበር ትንሹ አልጋ ሥር ገብቶ እስከ አምስት ሰዓት አልወጣም" ማለት የበለጠ ይገባል። ሰው በስድብ ላይ መልስ አያጣም፤ ባየው ልጅ ላይ ግን ዝም ይላል። ከዚያ የሚጠየቀው ነገር ትንሽና የሚሠራ ይሁን፦ ሐሙስ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ።

ቤቱ ውስጥ የማይለዋወጡ ነገሮች ይኑሩ። እራት በአንድ ሰዓት፣ የመኝታ ሰዓት አንድ፣ እሑድ ጠዋት ጸጉር መታጠብ ወይም ቡና። ጠጪው ሳይመጣ ሲቀር እራት አይቆይ። በዓል ላይም እንዲሁ፤ ጠጪው በዓሉን ቢያበላሸው እንኳ ልጆቹ ከአያት ጋር የሚበሉበት ሰዓት ተቆርጦ ይታወቅ። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ይመስላሉ፤ ነገር ግን ያን የተወጠረ ሰውነት ቀስ እያሉ የሚፈቱት እነሱ ናቸው።

ለልጁ ምን ይባላል? ዝምታው ከሁሉ ይጎዳል፤ ልጁ ያየውን ነገር ሁሉም አላየነውም ሲሉ የራሱን ዓይን መጠራጠር ይጀምራል። ስለዚህ በዕድሜው ልክ እውነቱ ይነገረው። "አባትህ መጠጥ የሚባል ሕመም ይዞታል። አንተ አላመጣኸውም። አንተ ልታስተወው አትችልም፣ ሥራህም አይደለም። ብትናደድበትም ትወደዋለህ፤ ሁለቱም ይቻላል። ሲያስፈራህ ወደ እኔ ወይም ወደ እትዬ ና።" አንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ የሚበቃ አይደለም፤ በየወሩ፣ ልጁ ሲጠይቅም ሳይጠይቅም ይደገም። ሁለት ስሕተት ግን ይወገድ። አንዱ "ለአባትህ ስትል አንደኛ ውጣ፣ ያኔ ይተዋል" ማለት ነው፤ የማይቻል ሸክም ነው። ሌላው ልጅን ሰላይ ማድረግ ነው፤ ኪሱን ፈትሽ፣ የት እንደሚጠጣ ተከተለው፣ አረቄውን ድፋ እያሉ መላክ።

ሽማግሌና ቅሬ

ጠብ ሲበዛ ሽማግሌ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ጉልበት መሳም፣ "ከእንግዲህ አልደግምም" የሚል ቃልና እርቅ ነው፤ ልጆቹ ምን እንዳሉ የሚጠይቅ የለም። ሽማግሌዎቹ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ነገሩ ይለወጣል፦ ልጆቹ በዚህ ሳምንት የት ያድራሉ? ደመወዙ ከመጠጥ ቤቱ በፊት በማን እጅ ይገባል የሚለውም እርቁ ላይ ቢቆረጥ፣ ሁለት ሰዎችም በየአሥራ አምስት ቀኑ ቤቱን ቢጎበኙ መልካም ነው። ቅሬ ለቀብር ብቻ ከሚሰበሰብ እንዲህ ላለው ቤት በሩን ቢያንኳኳ ከማንም በላይ ይሰማል። መምህር ደግሞ ሰኞ ጠዋት የሚተኛውን ልጅ ከመምታቱ በፊት ለብቻው ጠርቶ "ቅዳሜና እሑድ እንዴት ነበር?" ይበለው፤ መልስ ባይሰጥም በሌላ ሰኞ ይጠይቀው። ድብደባ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ካለ ግን ይህ የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም። የቀበሌው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ፣ ፖሊስ ጣቢያና ሆስፒታል በዚያው ቀን ይነገራቸው።

በድንገት ማቆም ሊገድል ይችላል

ይህን ሳይጽፉ ማለፍ አይቻልም፤ ለልጁም ጠባሳ ይተዋልና። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በሁዳዴ መግቢያ፣ በረመዳን ወይም በግዝት በአንድ ቀን ሲያቆም ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ 6 ሰዓት ካለፈ ጀምሮ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማስታወክ ይመጣል፤ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንዘፍዘፍ ሊነሳ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ከታየ፣ ሳይታከም ከቀረ ሊገድል ይችላል። ቤተሰቡ ልክፍት ነው ብሎ ሊያስር ይችላል። አረቄውን የደፋው ልጅ ደግሞ አባቱ ሲንዘፈዘፍ ካየ "እኔ ነኝ የገደልኩት" ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል።

ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ለማረጋጋት በጠዋት የሚጠጣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም የጣለው ሰው በቤት ውስጥ አያቁም። ሆስፒታል ውስጥ ዳያዜፓም በተባለው ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 በቀናት ውስጥ በደኅና ይወጣል። ቤተሰብ "ግሉኮስ ይሰካለት" ማለት ይወዳል፤ ቢ1 አስቀድሞ ወይም አብሮ ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻውን ቢሰጥ አንጎልን ሊጎዳ ስለሚችል "ቢ1 ተሰጥቶታል?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጠበልም ሆነ ዱዓ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም፤ ጠበል ቦታ ለሚያስተናግዱት ሰዎች ጠጪ እንደነበረና መድኃኒት እንደሚወስድ ይነገራቸው። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ኮምቦልቻ ያለ ሰው በጤና ጣቢያው ጀምሮ ሪፈር ይጻፍለት።

ልጁ ትልቅ ሰው ሲሆን

በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ጎልማሳ ከሚናገራቸው ነገሮች ብዙ የሚሰሙት እነዚህ ናቸው፦ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሆዴ ባዶ ይሆናል፤ እምቢ ማለት አልችልም፤ ደስ ሲለኝ ክፉ ነገር ሊመጣ ነው ብዬ እፈራለሁ፤ ዕረፍት ላይ ጥፋት የሠራሁ ይመስለኛል፤ የምወደው ሰው ሁሉ የሚታዘንለት ሰው ነው። እነዚህ የጠባይ ጉድለቶች አይደሉም። በአሥር ዓመቱ ያዳኑት ዘዴዎች ናቸው፤ በሠላሳ ዓመቱ ግን ጎድተውታል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ ማዘን፣ የምንም ነገር ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ መዛባት ካለ ባለሙያ በዘጠኝ ጥያቄ ይመዝነዋል፤ ከ27ቱ ነጥብ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሕክምና ይታሰባል። የምክር ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 16 ቀጠሮ ይፈጃል። መድኃኒት ከታዘዘ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት ለመሥራት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳሉ፤ በሳምንቱ "አልሠራልኝም" ብሎ መተው ትልቁ ስሕተት ነው። ሻል ሲልም ሐኪሙ እስኪያስቆም ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜም ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ይቀጥላል። አሚትሪፕቲሊን የተባለው ሌላው የድባቴ መድኃኒት ያለበት ቤት መድኃኒቱን ቆልፎ ያስቀምጥ፤ ከመጠን በላይ ሲወሰድ አደገኛ ነው።

አንድ ሰው መሞት እንደሚሻለው ከተናገረ በቀጥታ ይጠየቅ፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" መጠየቁ አሳቡን አይጭርም። አዎ ካለ ብቻውን አይተው፣ ፀረ ተባይና መድኃኒት ከቤት ይውጣ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ስለ ራሱ አጠጣጥም ቃል አለን። የጠጪ ልጅ ሆኖ "እኔ ቶሎ አይዘኝም፣ ጓደኞቼ ሲወድቁ እኔ ቆሜ እቀራለሁ" የሚል ሰው ይህን እንደ ብርታት አይቁጠረው። በሌሎች አገሮች ለረጅም ዓመታት የተደረጉ ክትትሎች የጠጪ ልጆች ሆነው መጠጥ የማይሰማቸው ወጣቶች ከሚሰማቸው ይልቅ በኋላ ለሱስ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ ሰውነት በቃህ የሚልበት ምልክት ስለሚዘገይ ብዙ ይጠጣሉ። ጫት ቅሞ ለምርቃና መስበሪያ አረቄ መጨመር ደግሞ ይህንኑ ያፋጥናል።

ወላጁ ዛሬም የሚጠጣ ከሆነ መጠየቁን መተው አያስፈልግም፤ ግን ጠዋት ይኬድ፣ ቆይታው አስቀድሞ ይወሰን፣ ብር በእጅ ከመስጠት የቤት አስቤዛ ይገዛ፣ የሚመለሱበት መንገድም በሌላ ሰው ላይ ያልተንጠለጠለ ይሁን።

ክሊኒክ ስትሄዱ "እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ብቻ ካላችሁ የእንቅልፍ ክኒን ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ራሳችሁ ጨምሩበት፦ "ያደግኩት አባቴ በየቀኑ በሚጠጣበት ቤት ነው፤ ከስንት ዓመቴ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንዳየሁና አሁን ሰውነቴ ምን እንደሚሆን ልንገርዎት።" ከአፍ አልወጣ ካለ ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠትም ይቻላል።